ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦ

ይህን የምጽፈው ሕግ ተምሬ አይደለም። የምማረው ምሕንድስና ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በዕረፍት ወራት የአጎቴን ባጃጅ እየነዳሁ የኪሴንና የመጽሐፌን ወጪ እችላለሁ። ስለዚህ የሕግ ተማሪዎቻችን ከዚህ በታች በምናገረው ነገር ላይ ስሕተት ያገኙ እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው ዕትም ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ፀሐይዋ ከተማችንን እንደ ምጣድ ባጋለችበት ሰዓት፥ ሦስት ሰው ጭኜ ከአሸዋ ገበያ ወደ ሳቢያን እነዳ ነበር። ከሦስቱ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ ታቅፈውታል። መታጠፊያው ላይ የቆመ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሣ። ቀኜን ይዤ ቆምኩ። ሰላምታ ሰጠኝ፤ መንጃ ፈቃዴን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

«ትርፍ ጭነሃል» አለኝ።

«አለቃዬ፥ ሦስት ናቸው» አልኩት።

«አራት ናቸው» ብሎ በጣቱ ወደ ሕፃኑ አመለከተ።

ይህን ጊዜ አሮጊቷ እናት አላስቻላቸውም። «ልጄ፥ ይህ እኮ ገና ጥርስ አላበቀለም! ከመቼ ወዲህ ነው በሰው ቁጥር የገባው?» ቢሉት፥ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሳቁ፤ ፖሊሱም ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ መናገር አለብኝ። ፖሊሱ ምንም አልጠየቀኝም። ነገር ግን እጄ፥ እኔ ሳላዘው፥ ወደ ኪሴ ገብቶ ነበር። ገብቶም የተጣጠፈ ብር ይዞ ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌአለሁና እጄ መንገዱን ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሁለተኛውን ቀን ግን ደኅና አድርጌ ተኛሁ። ያሳፈረኝ ሁለተኛው ነው። አሁን ግን ያች እናት ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ስለ ነበር እጄን ባዶውን አወጣሁና «ይጻፍልኝ፤ እከራከርበታለሁ» አልኩ። ፖሊሱም እንደ አዲስ ነገር አየኝና ጻፈልኝ።

ሰኞ ዕለት ወረቀቴን ይዤ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው መስኮት «መጀመሪያ ክፈልና ከዚያ አቤት በል» አለኝ። ሁለተኛው መስኮት «ከከፈልክማ ጥፋትህን አምነሃል፤ ምን ትከራከራለህ?» አለኝ። በማግሥቱ ወደ ሦስተኛ ቢሮ መሩኝ፤ ኀላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ዕለት ደግሞ የጻፈብኝ ባልደረባ ራሱ መቅረብ እንዳለበት፥ እርሱም ተራው የማታ እንደ ሆነ ተነገረኝ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ሁለት ትምህርትና አንድ የቤተ ሙከራ ሥራ አመለጠኝ። በመጨረሻ ከፈልኩ። ገንዘቡን የተቀበለችኝ ልጅ ክፉ ሰው አይደለችም፤ «ወንድሜ፥ ሰኞውን ከፍለህ ብትገላገል አይሻልህም ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይሻለኝ ነበር። እኔን ያበሳጨኝም ይህ መሆኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ፖሊሱ ዋሽቷል አላልኩም። በክንድ ላይ ያለ ሕፃን በተሳፋሪ ቁጥር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነገር በእውነቱ የሚያከራክር ነው፤ ባጃጅ ሲገለበጥ አስቀድሞ የሚወረወረው ሕፃኑ ነውና ፖሊሱ የተሻለ አስቦ ይሆናል። እኔ የፈለግሁት የሁለታችንንም ቃል ሰምቶ «አንተ ተሳስተሃል» ወይም «እርሱ ተሳስቷል» የሚለኝ አንድ ሰው ነበር። አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። በቅሎ የሚያክል ሀብት በዳኛ ቃል ሲሄድ ችለው፥ አንዲት ድፎ የማታክል ጭብጦ ሳይሰሙ ስትወሰድባቸው ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ክርክር ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር እንዳልሆነ ተማሪ የተባለ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በድሮው ዘመን አንድ ሰው ባላጋራውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በሕግ አምላክ!» ካለው፥ ያ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት፤ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ተብሎለታል። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን ጫፍና ጫፉን ቋጥረው፥ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛው ሩቅ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ መንገደኛውን አስቁመው ከዛፍ ጥላ ሥር «ፍረደን» ይሉት ነበር፤ መንገደኛውም ጉዳይ አለብኝ ብሎ ማለፍ አይገባውም ነበር። አንዱ «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲነሣ የመንደሩ ሰው ለመስማት ይሰበሰባል። ለአንድ ስንዝር መሬት እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ስንቁን ቋጥሮ የሚጓዝ ሕዝብ ነበርን። ዛሬ ልዩነቱ ይኸውላችሁ፤ አስቁሞ የሚጠይቀን ሰው አለ፥ ነጠላውን ቋጥሮ አብሮን ወደ ዳኛ የሚሄድ ግን የለም።

በጽሑፍማ ሁሉም አለ። በ1949 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በኋላም የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፥ ከከባዱ ወንጀል ለይተው «ደንብ መተላለፍ» ለሚባለው ቀላል ጥፋት የራሱን ክፍል ሰጥተውታል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለዚሁ ለደንብ መተላለፍ አጭር የአካሄድ መንገድ አበጅቶለት ነበር። ተከሳሹ በፍርድ ቤት መጥሪያ ይጠራል፤ ጥፋቱን ካመነ ሳይቀርብ በጽሑፍ ማመኑን ይልካል፤ ካላመነ ቀርቦ ይሰማል። እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በፊት «ያመነ ይክፈል፥ ያላመነ ይሰማ» የሚለው ነገር ታስቦበት ነበር ማለት ነው። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ቅጣቱ ከዚህ ብር በታች የሆነ እንደ ሆነ መብቱ ይቀራል አይልም። የከተማችንም ቻርተር፥ አዋጅ ቁጥር 416/1996፥ የከተማ ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል።

በ2003 የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208፥ በ2009ም ያሻሻለው ደንብ ቁጥር 395፥ ጥፋቶችን በእርከን እየመደቡ ለያንዳንዱ የገንዘብ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ አወጡለት። ይህ ነጥብ የሚባለው ነገር ለእኛ ለነጂዎች ከብሩ ይልቅ ያስፈራል። ብር ሠርተው ይተኩታል፤ ነጥብ ግን ተጠራቅሞ መንጃ ፈቃድን ያሳግዳል፤ መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሰው ቤተ ሰቡን በምን ያበላል? ስለዚህ «አንዲት ትንሽ ቅጣት ናት፥ ክፈልና እለፍ» የሚሉኝ ወዳጆቼ ነጥቡን የረሱት ይመስለኛል። ትንሽ የተባለችው ቅጣት ሳንሰማ መዝገብ ላይ ትቀመጥና የዛሬ ዓመት ከሌሎች እኅቶቿ ጋር ሆና ትመጣለች።

በዚህ ከተማ የቅጣት ወረቀት የተጻፈበት ሰው ሦስት ዓይነት እንደ ሆነ በባጃጅ መንዳት ዘመኔ ተምሬአለሁ። አንደኛው መስኮት ሄዶ ይከፍላል። ሁለተኛው እዚያው መንገድ ላይ በእጅ ይከፍላል። ሦስተኛው ምንም አይከፍልም፤ ስልክ ያወጣና «እንኩ፥ ያነጋግሩዎታል» ብሎ ለፖሊሱ ይሰጣል። እኔ ይህን «ይግባኝ በስልክ» ብየዋለሁ። እንደርሱ ያለ ፈጣን ይግባኝ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ መዝገብ አይከፈት፥ ቀጠሮ አይሰጥ፥ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ውሳኔ ያገኛል። በፀሐይ የቆመው ፖሊስ ሕጉን ሊያስከብር ወጥቶ በስልክ ሲሰደብ ያየ ሰው፥ ከባጃጅ ነጂው ጋር ለምን ትዕግሥት እንደሚያጣ ይገባዋል። እውነተኛው ይግባኝ ሲዘጋ የሚከፈቱት እነዚህ ሁለት በሮች ናቸው፤ ዘመድ ላለው ስልክ፥ ዘመድ ለሌለው ኪስ።

የቃላቱን ነገር ካነሣሁ አይቀር፤ «ታርጋ»ም «ቦሎ»ም ከጣልያን የመጡ ናቸው፤ «ሾፌር» ከፈረንሳይ፥ «ትራፊክ» ከእንግሊዝ። «ጉቦ» ግን የራሳችን ነው፤ ከማንም አልተበደርነውም። በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም እንደሚቀጣ ብዙ ነጂ አያውቅም። እኔም እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ዓ. ም. በጀርመን አገር ባድ ዊምፕፈን በምትባል ከተማ የሚኖር ኦዝቱርክ የሚባል የቱርክ ተወላጅ፥ መኪናውን ሲነዳ ከቆመች መኪና ጋር ተላተመ። ስልሳ ማርክ ቅጣት ተጻፈበት። አልከፍልም፥ እቃወማለሁ አለ። ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ጀርመንኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ተመደበለት። ኋላ ግን መቃወሙን ተወው፤ ፍርድ ቤቱም የአስተርጓሚውን ዋጋ ጨምሮ ወጪውን እንዲከፍል አዘዘው፤ የአስተርጓሚው ዋጋ 63 ማርክ ከ90 ነበር። ከቅጣቱ በለጠ ማለት ነው! ሰውየው ይህን ተቃውሞ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። የጀርመን መንግሥት «ይህ ወንጀል አይደለም፤ ተራ ደንብ መተላለፍ ስለ ሆነ የወንጀል ተከሳሽ መብት አይነካውም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በ1984 ስሙን ደንብ መተላለፍ ስላላችሁት ነገሩ አይለወጥም፤ መንግሥት ሰውን ለመቅጣት ሲነሣ ተቀጪው የመሰማት መብት አለው፥ አስተርጓሚም በነጻ ይገባዋል ብሎ ፈረደለት። ስለ ስልሳ ማርክ!

ይህን ያነሣሁት ፈረንጅ ለማድነቅ አይደለም። ነገሩ የድሬዳዋ ነገር ስለ ሆነ ነው። ይህች ከተማ በ1895 ባቡር ሲደርስባት አዲስ ሐረር ተብላ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው የመጣባት ናት። ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ እስኪደርስ ድረስ አንድ የባጃጅ ነጂ በአራት ቋንቋ ሒሳብ ይቀበላል። አማርኛውን፥ ኦሮምኛውን፥ ሶማሊኛውን፥ አደርኛውን እየቀላቀልን ስንቀልድ የምንውል ሰዎች፥ የክስ ወረቀት ስንቀበል ግን የተጻፈብንን ነገር የማናነብ ብዙዎች ነን። አንድ የማውቀው ነጂ በሶማሊኛ ቢጠይቁት የመኪና ሞተር ፈትቶ የሚገጥምበትን መንገድ እንደ መጽሐፍ ይተነትንላችኋል፤ የቅጣት ወረቀቱን ግን ለእኔ አምጥቶ «ምን አደረግህ ይለኛል?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ያውም ከከፈለ በኋላ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ እንደ ሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ይላል። ወረቀቱ ጀርባ ላይ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሁለት ሁለት መስመር «የተከሰስክበት ጥፋት ይህ ነው፤ ካላመንክ እስከዚህ ቀን ድረስ እዚህ ቦታ ቀርበህ ተከራከር» የሚል ለማተም ስንት ቀለም ይፈጃል?

እንዲህ ስል ፖሊስ አያስቁመን የምል እንዳይመስላችሁ። ከአወዳይ ጫት ጭነው በደንገጎ ቁልቁለት የሚወርዱትን መኪኖች ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ጫቱ ትኩስ እንደ ሆነ ገበያ ለመድረስ ሲሉ ጠመዝማዛውን እንደ ሜዳ ይበርሩበታል፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን አንደኛውን ሸሽቼ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ. ም. ብቻ 1.19 ሚሊዮን የሚያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደ ሞተ አስታውቋል። በባዶ እግሩ ሮጦ ሮምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ እንኳ በ1961 ዓ. ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነውበት በተሽከርካሪ ወንበር ቀረ። ሰኔ 1 ቀን 1956 አገሪቱ በሙሉ ከግራ መንዳት ወደ ቀኝ ስትዛወር የመንገድ ሕግ የሁሉ ስምምነት መሆኑ ታይቷል፤ «እኔ በግራዬ እቀጥላለሁ» ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር? ፖሊሱ የቆመው ለዚህ ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ደግሞ እኛ እናውቃለን።

ስለዚህ ያስቆማችሁ እንደ ሆነ ቁሙ። ቀኛችሁን ያዙ፥ ሞተር አጥፉ፥ ሰላምታ ስጡ፥ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ሳትነጫነጩ አቅርቡ። «ማን እንደ ሆንኩ ታውቃለህ?» የምትለዋን ነገር ለተማሪ አላምርባትም፤ ማን መሆናችን መታወቂያው ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን ጥፋቴ ምን እንደ ሆነ በስሙ ንገሩኝ ማለት ድፍረት አይደለም። የተጻፈውን ሳያነቡ መፈረም ደግሞ የእኛ የተማርን ነን ባዮች ነውር ነው፤ ስንት ገጽ የምናጠና ሰዎች ሦስት መስመር ሳናነብ እንፈርማለን። ቦታውን፥ ሰዓቱን፥ የነበረውን ሰው እዚያው በደብተራችሁ ጻፉት፤ ማታ የጻፉት ነገር ከጠዋቱ ነገር ጋር አንድ አይሆንም፥ ንዴት ይጨምርበታል። መንገድ ላይ ግን አትከራከሩ። መንገድ የክርክር ቦታ አይደለም፤ ሰው ይሰበሰባል፥ ፖሊሱ በሰው ፊት ላለመሸነፍ ይጠነክራል፥ እናንተም እንዲሁ፤ በመጨረሻ ሕፃኑም ሕጉም ይረሳና ነገሩ የክብር ነገር ይሆናል።

ያን ሁሉ አድርጌ የት ልሂድ ለሚለኝ ግን መልስ የለኝም፤ ሦስት ቀን ፈልጌ አጥቼዋለሁና። ለሹማምንቱ የምለምነው ብዙ አይደለም። አንድ መስኮት ይሁን፥ በላዩ ላይ «መከራከር ለሚፈልግ» ተብሎ ይጻፍበት። ቅዳሜም ይከፈት፤ የቀን ገቢ የሚያስገባ ሰው ሰኞን ዘግቶ አይከራከርም። የጻፈው ባልደረባ መቅረብ ካለበት የሚቀርብበት ቀን ይታወቅ። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ነጥቡ መዝገብ ላይ አይግባ። እነሆ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ የባሰ ሕንጻ ስንሠራ አይተናል።

ለተማሪዎች ማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የሕግ ተማሪዎች መብት መብት ሲሉ በየክርክር መድረኩ እንሰማቸዋለን፤ ድምፃቸውም ያማረ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከምግብ አዳራሹ ደጃፍ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያውጡና፥ የባጃጅ ነጂም ሆነ የጋሪ ነጂ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ያንብቡለት፤ ጥፋተኛ ከሆነ «ክፈል» ይበሉት፤ የሚያከራክር ነገር ካለው አቤቱታውን ይጻፉለት። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችሉ ተማሪዎች ሞልተዋል፤ አንዳቸው ወንበሩ አጠገብ ይቁሙ። ወረቀቱም ይቆጠር፤ ስንት ሰው ተከራከረ፥ ስንቱ ተሰማ፥ ስንቱ ሳይሰማ ተመለሰ የሚለውን በዚሁ ጋዜጣችን ላይ በየወሩ እናውጣው። ማባዣ ማሽናችን ቀለም ቢያንሰውም ለዚህ የሚበቃ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ወረቀት የእኔ ይሁን፤ የተከፈለ ቢሆንም ለልምምድ ይሆናቸዋል። ያች እናት ሳቢያን ያለውን ቤታቸውን አሳይተውኛል፤ ምስክርነት የፈለግህ ቀን ና ጥራኝ ብለውኛል። ባለፈው እሑድ በደጃቸው ሳልፍ ቡና ጠርተውኝ ገባሁ። ሕፃኑ በዚህ መካከል ሁለት ጥርስ አብቅሏል።